የጠመኔው ደሴት

ጋሽ መኩሪያ በሕይወታቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ወሎ ሰፈር ባለ አንድ ማሠልጠኛ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ባሕሬን የሚሄዱ ሴቶችን ስለ አገሩ ሲያስረዱ፣ በዓይናቸው ያዩት ትልቁ ውሃ ላንጋኖ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሊፍት ባልተገጠመለት የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ፣ ወገብ በማይደርስ የዝናብ ውሃ ሰጥመው ተገኙ።

ኢንስፔክተር አዝመራ ላጲሶ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ መብራቱ ግን ገና አልመጣም። ሟቹን አውጥተው ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ላስቲክ አንጥፈው አስተኝተዋቸዋል። አዝመራ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ሬሳ ባለበት ሁሉ በለሆሳስ መዝሙር ስለምታንጎራጉር ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። እሷ ማንጎራጎሯን የምታውቀው ስታቆም ብቻ ነው፤ የምታቆመው ደግሞ አንድ ነገር ዓይኗን ሲስበው ነው። ያን ዕለት ያቆመችው የሟቹ እግር ላይ ስትደርስ ነበር። ጫማ አላደረጉም። የግራጫ ካልሲያቸው መርገጫ፣ ውሃ አደብዝዞትም ቢሆን፣ ሰማያዊ ነው።

«ጫማቸውስ?» አለች።

ዘበኛው አብዱልገኒ ውሃው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል አላት። እሷ ግን ሽቅብ ወደ ደረጃው ተመለከተች።

ሕንጻው አምስት ፎቅ ነው፤ ከማሠልጠኛው ሌላ ተከራይ ግን የለውም። ባለቤቱ ሊፍት አስመጣለሁ እንዳለ ዓመታት ነጉደው፣ ጉድጓዱ ከምድር እስከ ጣሪያ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ክረምት በገባ ቁጥር ከሥሩ ውሃ ይጠራቀማል፤ በጋውም አያደርቀውም። በየፎቁ ጣውላ አስደግፈውበታል። ሠልጣኞቹ ጆሮህን ብታስጠጋበት እንደ ባሕር ይጮኻል ይላሉ። ሰው በስሙ ይጠራል የሚሉም አሉ። አዝመራ በእንዲህ ያለ ወሬ አትስቅም፤ ሰው ዝም ብሎ ጉድጓድ አይፈራም ባይ ናት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጣውላው ተነሥቶ ከግድግዳው ጋር ተደግፏል። ከጉድጓዱ አፋፍ፣ ርጥብ ሲሚንቶው ላይ፣ ሁለት ትናንሽ ባዶ እግሮች ጎን ለጎን ቆመው የተዉት ሰማያዊ አሻራ ይታያል። ጣቶቹ ወደ ጉድጓዱ ናቸው። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ቁልቁል አይቷል፤ አሻራው ሲሚንቶው ውስጥ እስኪመጠጥ ድረስ ቆሟል። 

ጫማውን ያገኘችው መማሪያ ክፍሉ በር ላይ ነው፤ ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ ጎን ለጎን የተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ወንበርም ጠረጴዛም የለም። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሰማያዊ ጠመኔ ተፈግፍጎ፣ መሃሉ ላይ ወደ ደቡብ እየሾጠጠ የሚሄድ ነጭ ደሴት ተሥሏል። ከበሩ እስከ ደሴቱ አንዲት ቀጭን ነጭ መንገድ ባሕሩን ሰንጥቃ ትገባለች።

ፈትያ የምትባለውን ሠልጣኝ አስጠራቻት። ፈትያ የደሴ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ትበራለች። ከሟቹ ጋር ብቻዋን የቀረችው የመጨረሻዋ ተማሪ እሷ በመሆኗ ወሎ ሰፈር እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ገና ካሁኑ እየጠቆመባት ነበር። ፊቷ አብጧል።

«ጋሼ በጫማ አያስረግጡንም» አለች። «በሩ ሳዑዲ ነው፤ ነጯ መንገድ ከዚያ ወደ ባሕሬን የሚያሻግረው ድልድይ ናት። ጫማችንን ሳዑዲ አውልቀን በድልድዩ ነው የምንገባው። ባሕሩን የረገጠች ሰጠመች ይባላል፤ ተመልሳ ከሳዑዲ ትጀምራለች።»

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚለፉት?»

«አሠሪዎቹ ስልካችንን ሊወስዱብን ይችላሉ፣ ፓስፖርታችንንም። ያን ጊዜ የሚቀርላችሁ በእግራችሁ ያወቃችሁት ብቻ ነው ይሉን ነበር። ዓይናችንን በሻርፕ አሥረው ከየትኛውም ሠፈር ተነሥተን ፖሊስ ጣቢያ እስክንደርስ ያስኬዱናል።»

ልጅቷ ሌላም ነገረቻት። ያ አገር ጣሊያን እኛን ሊወር ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነዳጅ ዘይት እስኪወጣለት ድረስ ከባሕር ሥር ዕንቁ በሚለቅሙ ጠላቂዎች ይኖር እንደነበረ፣ ዛሬም እንጀራው ዘይት እንደሆነና ዘይቱ ግን እንደ ጎረቤቶቹ የተትረፈረፈ እንዳልሆነ፣ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ እንደ እነሱ ሠርቶ ለመግባት የመጣ ባዕድ እንደሆነ። ጋሽ መኩሪያ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የጠላቂዎቹን ታሪክ ነበር። ጠላቂው እግሩ ላይ ድንጋይ አሥሮ ይወርዳል፤ ጓደኛው ጀልባው ላይ ሆኖ ገመድ ይዞለታል። ትንፋሹ ሲያጥር ገመዱን ይነቀንቃል። ያዡ ከተዘናጋ ጠላቂው አበቃለት። እዚያ ስትደርሱ አንዳችሁ የአንዳችሁ ገመድ ያዥ ናችሁ፣ ይሏቸው ነበር።

አዝመራ ወለሉን ዞራ አየች። ከበሩ በድልድዩ የገቡ ሁለት ዓይነት ትኩስ የእግር አሻራዎች አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ የካልሲ፤ ሌላው ትንሽ። ሁለቱም የሚቆሙት ከደሴቱ ራስጌ በስተ ምሥራቅ በተጠጋችው ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ሙሐረቅ ናት፣ አለቻት ፈትያ። እዚያ ላይ በቢጫ ጠመኔ የተሠመረ ቀስት ወደ በሩ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ያመለክታል። በመስኮቱ በኩል፣ በምሥራቅ፣ ግማሹ በእግር የተፈገፈገ የፀሐይ ሥዕል አለ። ከዚያም ትንሹ እግር ድልድዩን ትቶ ባሕሩን በቀጥታ አቋርጦ ወጥቷል። ትልቁም ተከትሎታል። ማንንም ባሕር የማያስረግጡት ሰው ባሕሩን በትልልቅ እርምጃ ረግጠውታል።

«ይሄ ቀስትና ፀሐይ ምንድን ነው?»

ፈትያ አጎንብሳ አየችው። «ፀሐዩን አላውቀውም፤ እኔ እያለሁ አልነበረም። ቀስቱ ቂብላ ነው፣ የምንሰግድበት አቅጣጫ። እዚህ አዲስ አበባ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው፤ እዚያ ግን ወደ ድልድዩ ይሆናል ብለውናል። ይሄም ቢሆን ዛሬ እኔ ስወጣ አልተሣለም ነበር።»

የማሠልጠኛው ባለቤት አቶ ያሕያ በዚህ መሃል ከነጫማው ዘው ብሎ ገባ። ባሕሩን አቋርጦ መስኮቱ ጋ ሲቆም ከኋላው ጥቁር ኮቴ ተሠለፈ። እኚህ ሰው ብዙ ጣጣ አምጥተውብኛል አለ፤ ነፍስ ይማር ማለቱም ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። አሠሪዎች ይደውሉለታል፤ የላክህልን ልጆች መንገድ ያውቃሉ፣ በሩን ከፍተው ይጠፋሉ ይሉታል። ወለሉ ይታጠብ፣ የካውያ ጠረጴዛ ይግባበት ብሎ ስንቴ ተጣልቷቸዋል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ምድር ቤት ቢሮው በሩን ዘግቶ ስልክ ላይ ነበር፤ ምንም አልሰማም። አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ መኩሪያን ቢጠራ መልስ አጣ፤ ዘበኛው ባትሪ ይዞ ሲፈልግ አገኛቸው።

«ጫማ አያወልቁም?» አለችው አዝመራ።

«ኢንስፔክተር፣ ጠመኔ እኮ ነው። መስጊድ አይደለም» አላት።

አብዱልገኒን በግቢው በር አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጦ ያገኘችው እግሩን እያሸ ነው። ሪህ ስላለበት ከአንደኛ ፎቅ በላይ አይወጣም፤ ሪሁ ቢለቀውም እንደማይወጣ እሱም አልደበቃት። ሌሎቹ ሠልጣኞች ስምንት ሰዓት ላይ ሄደዋል። ፈትያ ስትወጣ ዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ጭንቅላቷን ከዝናቡ እንድትሸፍን ፌስታል ሰጣት። ጎርፉን ስትዘል ጋሽ መኩሪያ በመስኮት ብቅ ብለው «ባሕሩን እንዳትረግጪ!» ብለው ሳቁባት። ከእሷ በኋላ የግቢውን በር ቆለፈ። ውስጥ የቀሩት እሱ፣ አቶ ያሕያ፣ የቤት አያያዝ የምታስተምረዋ ሰምሃልና ሟቹ ብቻ ናቸው።

«ከዚያ በኋላ ምን ሰሙ?»

እግሩን ማሸቱን ቀጠለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ አብዱልገኒ ግን ብቅል የማይቀምስ ሰው ስለሆነ አዝመራ በትዕግሥት መጠበቅ ነበረባት።

«ድምፅ ሰማሁ» አለ በመጨረሻ። «ከጉድጓዱ። ገመድ፣ ገመድ ይላል። ያ ጉድጓድ ይጠራል ሲሉ ስለምሰማ፣ እሱ ነው ብዬ ቢስሚላህ ብዬ በሬን ዘጋሁ። ጅን ገመድ ምን ያደርግለታል ብዬ ያሰብኩት ሬሳቸውን ካየሁ በኋላ ነው።» ሽማግሌው በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። አዝመራ አልወቀሰችውም፤ ከእንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን እንደሚወቅስ ገብቷታል።

ሰምሃልን የጠየቀቻት ሁለተኛ ፎቅ ባለው ካውያ ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሁለት ዓመት ባሕሬን ሠርታ ተመልሳለች። ቤቷ ሲኤምሲ አካባቢ ነው፤ እሑድ እሑድ የጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ገና ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ወለሉን አጥቤ ውሃውን ጉድጓዱ ውስጥ ደፋሁ። ፍሳሹ ከተዘጋ ጀምሮ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ጣውላውን መመለስ ረሳሁ። መብራትም አልነበረም፤ ጋሼ አላዩትም።»

አለቀሰች፤ ልቅሶዋም የእውነት ነበር። አዝመራ ትከሻዋን ነካ አድርጋ እያጽናናች ክፍሉን ቃኘች። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ክዳኑ የተከፈተ ባዶ በርሜል፣ እንደ ጭድ የደረቀ መወልወያ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፤ አንሶላዎቹ ግን ገመዱ ላይ ሳይሆኑ ከሥሩ ተጨማድደው ወድቀዋል። የገመዱ አንደኛው ጫፍ አቧራ በጠጣ አሮጌ ቋጠሮ ታሥሯል፤ ሌላኛው ቋጠሮ አዲስ ነው፣ በጥድፊያ የተቋጠረ።

አዝመራ ማንጎራጎሯን ለሁለተኛ ጊዜ ያቆመችው እዚህ ነው። ውሃ ከሄደ ስንት ቀኑ ነው ብላ ዘበኛውን የጠየቀችው ስትወጣ ሲሆን፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ጠብ አላለም፣ ለመጠጥ እንኳ በጀሪካን ነው የምናመላልሰው አላት። ያን ሌሊት ሰሚት ያለው ቤቷ ገብታ ራት አልበላችም። ማን የሚለውን ይዛለች፤ ለምን የሚለው ግን የለም። አንዲት ሴት ሁሉም የሚወዳቸውን ሽማግሌ ምን ብላ?

ዓርብ ጠዋት ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ሰውየውን የገደላቸው ውድቀቱ አይደለም፤ ጭናቸው ተሰብሯል፣ መቆም አልቻሉም፣ ውሃው ነው የጨረሳቸው። ጥቂት ደቂቃዎች ግን ታግለዋል።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዝመራ ማሠልጠኛው ደጃፍ ስትደርስ አንዲት አሮጊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነጭ ሻሽ ላይ ጥቁር ነጠላ ደርበዋል። እማማ ፈዲላ ይባላሉ፤ ወሎዬ ናቸው። አብዱልገኒ ቀስ ብሎ ነገራት። ልጃቸው ሀጀር ከሁለት ዓመት ከምናምን በፊት ከሰምሃል ጋር በአንድ አውሮፕላን ሄዳ ነበር። አሠሪዎቿ ስልክ ስለሚከለክሏት ሰላምታዋ የሚደርሰው በሌላ ልጅ በኩል ለሰምሃል ነው፤ እናትየዋም በየዓርቡ ሰላምታውን ሊሰሙ ይመጣሉ። የጋሽ መኩሪያን መሞት ገና አልሰሙም።

አዝመራ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ባለፈው ዓርብ ሰምሃል ምን አለችዎት፣ እማማ?»

የአሮጊቷ ፊት በራ። «ደህና ናት አለችኝ። ሙሐረቅ በሚባል ቦታ ናት፣ መስኮቷ ባሕሩን ያያል። ሱብሂ፣ የንጋቱን ሶላት፣ ስትሰግድ ፀሐይዋ ከባሕሩ ፊት ለፊቷ ብቅ ትላለች፣ ዱዓ ስታደርግ ፊቷ ላይ ታበራለች አለችኝ። ጋሽ መኩሪያም አጠገቤ ነበሩ፤ እስኪ ይድገሙልኝ ብለው ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ዝም አሉ።»

አዝመራ የመማሪያ ክፍሉ ወለል ታወሳት። ቢጫው ቀስትና በእግር የተፈገፈገው ፀሐይ አንድ ላይ መጡባት። ከዚያ የአሮጊቷን እጅ ይዛ፣ መጥፎ ነገር እንደሚሰሙ አስቀድማ ነግራቸው፣ ደረጃውን ደግፋ አወጣቻቸው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መማሪያ ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበችና ግቡ አለች። አብዱልገኒ ቢስሚላህ እያለ ከሪሁ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ በሩ ላይ ቀረ። ያሕያ ከነጫማው ባሕሩ ላይ ቆመ። ፈትያና ሰምሃል ግን ሳያስቡት ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ፤ በድልድዩም አንዳቸው ከሌላው ኋላ ገቡ። አዝመራ ይህን አይታ የራሷን ጫማ ፈታች። እናትየዋን በሩ አጠገብ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ጋሽ መኩሪያ በጨለማ ተደናብረው አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ጫማውን ያደርጋል። እሳቸው በካልሲ ወጥተዋል፤ ያውም ባሕሩን እየረገጡ። ያንን የሚያደርጉት አንድ ሰው ሲሰጥም ቢያዩ ብቻ ነው። ከፊታቸው የሮጠው ሰው ደግሞ ባዶ እግሩን ነበር። በድልድዩ ነው የገባው፤ ሕጉን ያውቃል።»

ያሕያ ኮቴውን አየ። እሱን ወለሉ ራሱ ነፃ አውጥቶታል፤ ትናንትም ዛሬም ማንም ሊያስተምረው ያልቻለውን ጫማ ማውለቅ ወንጀል ለመደበቅ ሲል ብቻ በድንገት አይማረውም። አብዱልገኒ እዚህ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈትያ ከበሩ ወጥታ፣ በሩ ከኋላዋ ከተቆለፈ በኋላ፣ ሟቹ በመስኮት ቀልደውባታል። አዝመራ ይህን አንድ በአንድ ስትዘረዝር ፈትያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አንቺ ደግሞ» አለቻት ሰምሃልን፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ያልተጠየቅሽውን ጥፋት ተቀበልሽ። ሰው ትንሹን ጥፋት የሚያቅፈው ትልቁን ለመሸፈን ነው። ወለል አጥቤ ውሃ ደፋሁ አልሽኝ። እዚህ ቤት ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ የለም። መወልወያሽ ደርቋል። ጣውላውን ያነሣሽው ለውሃ አይደለም።»

ሰምሃል ባዶ እግሮቿን ሰበሰበች።

«ከዚያ ገመዱ አለ። ጋሽ መኩሪያ ከታች ሆነው ገመድ እያሉ ተጣሩ። አብዱልገኒ ሰምቶ ጅን መሰለው። ካውያ ክፍል ያለችው ሰው ግን ሰምታ ገባት። አንሶላ እንዴት እንደሚታጠፍ የምታስተምር ሴት አንሶላዎቹን መሬት ጥላ ገመዱን ፈታችው። እስከ አፋፉ ይዛው ሄደች፤ እግሮቿ እዚያ ቆመዋል። ገመዱ ግን አልረጠበም። መልሳ አሠረችው። ሌሊቱን ሙሉ ያልገባኝ ይሄ ነበር። ሊያድኑት የሚሄዱትን ሰው፣ እንዴት ነው ከአፋፉ የሚመለሱት?»

ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ከኮሪደሩ፣ ከጉድጓዱ፣ አንድ ጠብታ ወደቀ፤ ያሕያ እንኳ ዞር አለ።

አዝመራ ሙሐረቅ ላይ ቆማ ቀስቱን አሳየች። እዚህ የምትሰግድ ልጅ ፊቷ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባዋ ነው። ባሕር አይተው የማያውቁት ሰው ይህን ከካርታ ያውቁ ነበር፤ አገሩ ላይ ሁለት ዓመት የኖረችው ሰምሃል ግን የሙስሊም ልጅ ወዴት ዞራ እንደምትሰግድ አስተውላ አታውቅም። ስለዚህ ሰላምታው ከሀጀር አልመጣም። ጋሽ መኩሪያ ሐሙስ ከሰዓት ሰምሃልን ጠርተው ሥለው ያሳዩዋት ይህንን ነው።

«ነገ ዓርብ ነው፣ ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉሽ» አለች አዝመራ። «ተሳሳትኩ?»

ሰምሃል ወለሉን እያየች ስታወራ ድምፅዋ ጠፍጣፋ ነበር። ከሄዱ በአምስተኛ ወራቸው ሀጀር ደወለችላት። ሆዴን በጣም አሞኛል፣ የሚሰማኝ አጣሁ፣ ለአንድ ሰው ንገሪልኝ አለቻት። ሰምሃል የራሷ እመቤት ስልክ ይዤ ካገኘችኝ ወደ አገሬ ትመልሰኛለች ብላ ፈራች። ደጋግሞ ሲጠራ ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ ሀጀር ሞተች ተባለ። ፓስፖርቷን ያወጣላት ደላላ የእሷንም የአባቷንም ስም ለውጦት ስለነበር የሞቷ ወረቀት ለቤተሰብ አልደረሰም። ሰምሃል ወደ አገር በተመለሰች ማግስት እናትየዋ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ልጄስ አሏት።

«ደህና ናት የሚለው ከአፌ አመለጠኝ። በሳምንቱ ሲመጡ ሌላ ጨመርኩ። ከዚያ ማቆሚያው ጠፋኝ።» ቀና አለች። «ጣውላውን ያነሣሁት ራሴን ልጥል ነበር። ጋሼ ሮጠው ከኋላ ያዙኝ። ልቀቁኝ ብዬ በኃይል ገፈተርኳቸው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ። ከዚያ ከታች ሲጣሩ ገመዱን ፈትቼ ሄድኩ። አፋፉ ላይ ስደርስ... ቢወጡ ለእማማ ይነግሯቸዋል አልኩ። ዝም እስኪሉ ቆሜ ሰማኋቸው። ስልኩን ሁለተኛ ዘጋሁት።»

አዝመራ ካቴና ይዛ ነበር የመጣችው። እጇ ግን ወደ ኪሷ አልሄደም፤ ሁሉም ወደ እናትየዋ ዞረዋል። አሮጊቷ እንባ የለባቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ሱብሂ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚሰገደው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ አንድ ቀን እንኳ አሳልፋው አታውቅም። ባለፈው ዓርብ እንደነገርሽኝ፣ ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

አዝመራ ይህ አልታሰባትም ነበር። እሷም ሆነች ጋሽ መኩሪያ አቅጣጫውን ሲለኩ፣ ሰዓቱን የለኩት እናት ብቻ ናቸው።

«እያወቁ ለምን መጡ ታዲያ?» አለች።

«አንድ ዓርብ ልጨምር ብዬ። ስሟን ከእሷ ሌላ የሚጠራልኝ የለም።» ወደ ሰምሃል ዞሩ። «የት ነው ያስቀመጧት?»

ሰምሃል በእረፍት ቀኗ፣ አንዲት ልጅ እየመራቻት፣ መቃብሩን ሄዳ አይታው ነበር፤ ስም የለበትም፣ ከዳር ሦስተኛው ድንጋይ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ከዋና ከተማዋ ከማናማ ዳር፣ ነጩ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

እማማ ፈዲላ ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። ማንም ሳይነግራቸው፣ ባሕሩን ሳይረግጡ፣ በቀጭኗ ነጭ መንገድ እግራቸውን እየሰበሰቡ ገቡ። ሰምሃል ጣቷን ካሳረፈችበት ሲደርሱ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ። እዚያ ከጠመኔ በቀር ምንም የለም፤ አሮጊቷ ግን የሰው ግንባር እንደሚዳብሱ አድርገው ዳበሱት።

«ፊቷን ወዴት አድርገው ነው የቀበሯት?» አሉ።

ሰምሃል አላውቅም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። አዝመራ ግን ወለሉን አየች። ቢጫው ቀስት አጠገባቸው ነበር፤ እሷ ለማስረጃ ብላ ፎቶ ያነሣችው፣ ሽማግሌው በመጨረሻ ሰዓታቸው ያሠመሩት።

«ወደ ድልድዩ ነው፣ እማማ» አለች። «ጋሽ መኩሪያ አሥምረውልዎታል።»

አሮጊቷ ወደ ድልድዩ፣ ወደ በሩ ዞሩ። ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ ያሕያን ጠሩት።

«ያሕያ፣ ልጄ፣ ይሄን ወለል እንዳታሳጥበው።»

ያሕያ የራሱን ጥቁር ኮቴዎች ከመስኮት እስከ በር አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እዚያው ባሕሩ መሃል፣ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።